ዕዳው ከቤቱ ሲበልጥ

በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ወር አንድ ደላላ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ያለውን ቤታችንን ዞሮ ካየ በኋላ ያመጣልን ዋጋ 2,600,000 ብር ነበር። በዚያው ሳምንት ከባንክ ያወጣሁት የሒሳብ መግለጫ ደግሞ ዋናው ገንዘብና ያልተከፈለው የሁለት ወር ወለድ ተደምሮ ወደ 2,963,000 ብር እንደሚፈለግብን ያሳይ ነበር። ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ስጽፋቸው፣ ቤቱን ሸጠን ባዶ እጃችንን ብንወጣ እንኳ ከዕዳው እንደማንወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ። ይህን የምጽፈው በዚህ ከተማ ተመሳሳይ ወረቀት ይዘው ሌሊቱን የሚያነጉ ቤተሰቦች እንዳሉ ስለማውቅ፣ እኛም ያን ጊዜ እንዲህ ዘርዝሮ የሚነግረን ሰው አጥተን ስለነበር ነው።

ብድሩን የወሰድነው በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። መጠኑ 3,000,000 ብር፣ ወለዱ በዓመት 16 በመቶ፣ የመክፈያ ጊዜው 15 ዓመት ነበር። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም መምህራን ነን፤ ደመወዛችን ብቻውን ይህን ያህል ብድር እንደማይሸከም አስቀድመን እናውቅ ነበር። ሐሳባችን ምድር ቤቱ ላይ እየኖርን ከላይ ያሉትን አራት ክፍሎች የዘጌን ገዳማትና ጢስ ዓባይን ለማየት ለሚመጡ እንግዶች ማከራየት ነበር። ሁለት ዓመት ያህል፣ አንዳንዴም ከዘመድ እየተበደርን፣ አንድም ወር ሳናጓድል ከፈልን። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ግን እንግዳ የሚባል ነገር ከደጃችን ጠፋ። የተነጠፉት አልጋዎች አቧራ ለበሱ።

በአገራችን ጊዜ ብዙውን ጊዜ ለተበዳሪው ያግዛል። የብር የመግዛት አቅም እየቀነሰ ሲሄድ ዕዳው በነበረበት ይቆማል፣ የቤት ዋጋ ግን ይጨምራል፤ ስለዚህ ቤት ሠርቶ ከዕዳው በታች የሚወድቅበት ሰው ጥቂት ነው። እኛም በዚህ ተማምነን ነበር። ያላሰብነው ነገር ቢኖር የግንባታ ወጪ መጨመርና የገዥ መኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንጂ የሚሸጥ አይደለምና ባንክ ሲገምት በዋናነት የሚያየው ግንባታውን ነው፤ ገበያው ደግሞ ከግንባታው በላይ የሚከፍለው ለቦታው ነው። ሰላም ሲሆን ለቦታው የሚከፈለው ገንዘብ የባንኩን ግምት አልፎ ይሄዳል፤ ሰው ገንዘቡን ይዞ «እስቲ ይርጋ» ማለት ሲጀምር ግን መጀመሪያ የሚተነው ይኸው የቦታው ዋጋ ነው። የእኛ ቤት በዚያ ላይ የላይኛው ፎቅ የውጭ ልስን የጎደለው ስለነበር ገዥ ሁሉ ጉድለቱን ከዋጋው ላይ እጥፍ አድርጎ ይቀንሰው ነበር።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት መናገር አለብኝ። የመስከረምን ክፍያ ሳንከፍል ስንቀር ለባለቤቴ አልነገርኳትም። የጥቅምትንም እንዲሁ። ባንኩ ሲደውል ስልኩን አነሣና «በዚህ ሳምንት እንመጣለን» እያልኩ አሳልፍ ነበር። የእኔ ዝምታ ቤተሰቡን የሚጠብቅ መስሎኝ ነበር። ቤቱ የጋራ ሀብታችን እንደመሆኑ የመያዣው ውል ላይ እርሷም ፈርማለች፤ ቤቱን ለመሸጥም ሆነ ውሉን ለማሻሻል ያለ እርሷ ፊርማ አንድም እርምጃ መሄድ አይቻልም። ባለቤቴ እውነቱን የሰማችው ቅርንጫፉ በቀጥታ ለእርሷ ሲደውልላት ነው፤ ያን ቀን ማታ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

የዝምታው ጉዳት የትዳር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በብሔራዊ ባንክ ደንብ መሠረት ክፍያው 90 ቀን ያለፈበት ብድር ከተበላሹ ብድሮች ተርታ ይመደባል፤ ባንኩም ለእርሱ ከፍ ያለ መጠባበቂያ እንዲይዝ ይገደዳል። ከዚያ ቀን በፊት የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ደንበኛ ነው የሚያነጋግረው፤ ከዚያ በኋላ ግን ፋይሉ ወደ ሕግና ብድር ማስመለሻ ክፍል ይሄድና ከፊት ለፊቱ የሚቀመጠው ሰው ተከሳሽ ይመስለዋል። እኛ የደረስነው በ70ኛው ቀን አካባቢ ነበር። ሃያ ቀን ብንዘገይ የተደረገልን ነገር ሁሉ ይደረግልን ነበር ብዬ አላምንም።

ባንክ ስንሄድ ሁላችንም መጀመሪያ የምንጠይቀው የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘም ነው። እኔም የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። የሒሳብ መምህር ሆኜ ሳለሁ ይህን ጥያቄ ከማቅረቤ በፊት ቁጭ ብዬ አለማስላቴ እስካሁን ይቆጨኛል። 3,000,000 ብር በ16 በመቶ ወለድ የወር ወለዱ ብቻ 40,000 ብር ነው። በ15 ዓመት ሲከፈል ወርኃዊ ክፍያው ወደ 44,061 ብር ይሆናል። ወደ 20 ዓመት ቢራዘም 41,738 ብር፣ ወደ 25 ዓመት ቢራዘም 40,767 ብር ነው። ለልጅ ልጆቻችን ቢተላለፍ እንኳ ከ40,000 ብር አይወርድም፤ ምክንያቱም ወለዱ ራሱ ያን ያህል ነው። አምስት ዓመት በመጨመር በወር የምናተርፈው 2,323 ብር ሲሆን፣ በጠቅላላው የምንከፍለው ግን ከ2,000,000 ብር በላይ ይጨምራል። በሁለት ዓመት ውስጥ እኛ የከፈልነው 1,057,464 ብር ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ዋናውን ገንዘብ የቀነሰው 114,000 ብር ገደማ ብቻ ነው። ይህን ሳሰላው እጄ ተንቀጠቀጠ።

ስለዚህ ወለድ በዚህ መጠን ሲከብድ ጊዜ ማራዘም ደካማ መድኃኒት ነው። ክፍያውን በእውነት የሚያወርደው ዋናውን ገንዘብ መቀነስ ነው፤ ከ3,000,000 ብሩ ላይ 600,000 ብር ቢነሣ የ15 ዓመቱ ወርኃዊ ክፍያ ወደ 35,249 ብር ይወርዳል፤ ይህም የአምስት ዓመት ማራዘሚያ ከሚሰጠው እፎይታ ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ ነው። ማራዘሚያ የሚጠቅመው የጎደለው ገቢ ተመልሶ እንደሚመጣ ለሚያውቅ ሰው፣ ለጥቂት ወራት ወለዱን ብቻ እየከፈለ እንዲቆይ ከሚያስችል የእፎይታ ጊዜ ጋር ሲሆን ነው። ገቢው መቼ እንደሚመለስ ለማያውቅ ሰው ግን ማራዘም ማለት የወለዱን ዘመን ማራዘም ነው።

የባለቤቴ ወንድም ላስ ቬጋስ ይኖራል። በ2006 እ.ኤ.አ. የገዛው ቤት ከሦስት ዓመት በኋላ ዋጋው ከግማሽ በታች ወርዶበት ነበር፤ እዚያ እንዲህ ያለውን ብድር «ውኃ ውስጥ የገባ» ይሉታል። ያን ጊዜ በአሜሪካ ቁጥራቸው እጅግ የበዛ ቤተሰቦች በአንድነት በዚህ ችግር ውስጥ ስለወደቁ መንግሥት በ2009 እ.ኤ.አ. ሁለት ፕሮግራሞችን አቋቁሟል። ሀርፕ የተባለው፣ የቤት ብድሮችን ከባንኮች የሚገዙት ፋኒ ሜ እና ፍሬዲ ማክ የተባሉ ድርጅቶች የያዟቸውን ወይም ዋስትና የሰጧቸውን ብድሮች ቤቱ ከዕዳው በታች ቢሆንም በአነስተኛ ወለድ እንደገና ለመዋዋል የሚያስችል ነበር፤ ሀምፕ የተባለው ደግሞ ወርኃዊ ክፍያው ከተበዳሪው ገቢ 31 በመቶ እንዲሆን ወለዱን እስከ 2 በመቶ፣ ጊዜውንም እስከ 40 ዓመት ያስተካክል ነበር። ወለድ ወደ 2 በመቶ ሲወርድ ማራዘም ትልቅ ነገር ይሆናል፤ ሒሳቡ ከእኛ ጋር የማይመሳሰለው እዚህ ላይ ነው። እርሱ ራሱ በመጨረሻ ቤቱን በባንኩ ፈቃድ ከዕዳው ባነሰ ዋጋ ሸጦ ወጣ፤ ባንኩም ልዩነቱን ማረለት።

ወንድማችን የእኛን ጭንቀት ሲሰማ በቅንነት የመከረን «ቁልፉን ለባንኩ አስረክቡና ውጡ» ብሎ ነበር። በአሜሪካ አንዳንድ ግዛቶች አበዳሪው ከቤቱ በላይ ተበዳሪውን መከተል ስለማይችል ይህ ምክር እዚያ ትርጉም አለው። በእኛ አገር ግን ቤቱ መያዣ ነው እንጂ ዕዳው የሰውየው ነው። ቤቱ ተሸጦ ካልሸፈነው የቀረውን ባንኩ ከሌላ ሀብትና ገቢ ላይ በክስ ሊጠይቅ ይችላል። ከውጭ አገር ዘመድ የሚመጣ ምክር ሁሉ በፍቅር የተሰጠ ቢሆንም፣ ከዚያ አገር ሕግ ጋር ተያይዞ የመጣ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል።

ስለ ሐራጅ ዘርዘር አድርጌ ልናገር። ባንክ በመያዣ ስለያዘው ንብረት የወጣው አዋጅ ቁጥር 97/1990 በውሉ ላይ ስምምነቱ እስካለ ድረስ፣ ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። በሁለተኛው ሐራጅ ገዥ ካልቀረበ ደግሞ ባንኩ ራሱ በመጀመሪያው ሐራጅ መነሻ ዋጋ ሊረከበው ይችላል። ባንኩ ሥነ ሥርዓቱን ጥሶ ጉዳት ቢያደርስ ተጠያቂ ነው፤ ነገር ግን ተጠያቂነቱ በካሣ ነውና ሐራጁን አስቆማለሁ ብሎ መተማመን ብዙ ሰው ያጠፋውን ጊዜ ማጥፋት ነው።

ሐራጅ ለምን ዋጋ እንደሚያወርድ ለማወቅ በኵር ጋዜጣ ላይ የሚወጡትን የሐራጅ ማስታወቂያዎች ማንበብ ይበቃል። ተጫራቹ የመነሻ ዋጋውን 25 በመቶ በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ይዞ እንዲቀርብ፣ ካሸነፈም ቀሪውን በ15 ቀን ውስጥ እንዲያጠቃልል ይጠየቃል። ይህን ያህል ጥሬ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ማውጣት የሚችል ሰው በከተማችን ጥቂት ነው፤ ለመኖሪያ ቤት የሚፈልገው መምህር፣ ነርስ ወይም ነጋዴ በሩ ላይ ይቀራል። የሚገባው አትርፎ ለመሸጥ የሚገዛው ነው፤ እርሱም ቤቱ ውስጥ አሁንም ሰው እንደሚኖርና ማስለቀቅ ጣጣ እንዳለው አስልቶ ዋጋ ይሰጣል። በዚያ ላይ የቤቱ አድራሻና የባለቤቱ ስም ከነዕዳው ጋዜጣ ላይ ይታተማል። እናቴ በሕይወት እያለች ስማችንን በዚያ ገጽ ላይ እንድታነብ አልፈለግሁም፤ ይህ የሒሳብ ምክንያት አይደለም፣ ግን ለእኔ ከሒሳቡ ያነሰ አልነበረም።

ከሐራጅ በፊት በራስ እጅ መሸጥ ብዙውን ጊዜ የተሻለ ዋጋ ያመጣል፤ ዕዳው ከዋጋው ሲበልጥ ግን ሽያጩ አንድ እንቅፋት አለበት። በመያዣ የተያዘ ቤት ካርታው ላይ እግድ ስላለ፣ ባንኩ የእግድ ማንሻ ደብዳቤ ለመሬት ጽሕፈት ቤቱ ካልጻፈ ስም አይዞርም፤ ባንኩም ዕዳው በሙሉ ካልተዘጋ ወይም ለቀሪው ሌላ ዋስትና ካልቀረበ ደብዳቤውን አይጽፍም። ስለዚህ ገዥ፣ ሻጭና ባንክ በአንድ ቀን ተገናኝተው ገዥ ገንዘቡን በቀጥታ ወደ ብድር ሒሳቡ ማስገባት፣ ሻጭም የጎደለውን በዚያው ዕለት ይዞ መገኘት አለበት። ለእኛ የጎደለው 363,000 ብር ነበር። ለገዥ ዕዳውን ሳይነግሩ ቀብድ የሚቀበሉ ሰዎች አሉ፤ ውሉ ውልና ማስረጃ ሲደርስ እግዱ ይወጣና ከዕዳው ላይ የክስ ጉዳይ ይደመርበታል። ይህን እንዳታደርጉ እለምናችኋለሁ።

መጠበቅስ? አዲሱ የዓባይ ድልድይ በቅርቡ ይመረቃልና ማዶ ያለው ቤት ሁሉ ዋጋው ይነሣል ይሉን ነበር። ድልድዩ በእርግጥም በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 380 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ከተማችን የምትኮራበት ሥራ ነው። እስከዚያ ስድስት ወር እጃችንን አጣጥፈን ብንጠብቅ ግን ቅጣቱን ሳይጨምር ከ230,000 ብር በላይ ወለድ ይቆጠርብን ነበር። የሚጠብቅ ሰው የቤቱ ዋጋ በየወሩ ከወለዱ በላይ ይጨምራል ብሎ መወራረዱ መሆኑን ይወቅ።

እናቴ ሽምብጥ ውስጥ አርባ ዓመት የኖረችበት ግቢ አላት። ነገሩን ስትሰማ ካርታዋን ከሳጥን አውጥታ በነጠላዋ ጠቅልላ መጣችና «ልጄ፣ ይኸው፣ ይህን ስጣቸው፤ እኔ ከዚህ በኋላ ምን ያደርግልኛል» አለችኝ። ባንኩ በደስታ ይቀበለው ነበር፤ ተጨማሪ መያዣ ቢቀርብ ብድሩን እንደገና ማዋቀር ቀላል እንደሚሆን ቀደም ብለው ነግረውን ነበር። እኔ ግን «እማዬ፣ ይህን አላደርገውም» ብዬ መለስኩላት። በአንድ ቤት ላይ ያለን ዕዳ በሁለት ቤት ላይ ማስቀመጥ ዕዳውን አንድ ብር አይቀንሰውም፤ የሚያደርገው ነገር ቢኖር የሚጠፋውን ቤት ሁለት ማድረግ ነው። ስለ አራጣ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የወንጀል ሕጉ ይከለክለዋል፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉም ግለሰቦች ከ12 በመቶ በላይ ወለድ እንዲዋዋሉ አይፈቅድም። በጭንቀት ቀን ደጅ ድረስ የሚመጣው አበዳሪ ግን ሕግ ጠቅሶ አይመጣም።

እኛ መጨረሻ ላይ የያዝነው መንገድ አያቶቻችን በሚገባ የሚያውቁት ወለድ አገድ ነው። አንድ የእህል ነጋዴ ቤተሰብ ከላይ ካሉት ክፍሎች ሁለቱን ያለ ኪራይ እየኖረበት 400,000 ብር ሊሰጠን ተስማማ፤ ገንዘቡን ስንመልስ ክፍሎቹን ይመልስልናል። ቤቱ በባንክ መያዣ ስለሆነ ውሉን በድብቅ ማድረግ አይቻልምና ባንኩ በጽሑፍ ከፈቀደ በኋላ ነው የተፈራረምነው። ዕዳው አልጠፋም፤ ከዕዳው ላይ 400,000 ብሩ ባለቤቱን ለወጠ። ልዩነቱ ባንኩ ለዚህ ገንዘብ በወር 5,333 ብር ወለድ ይቆጥርብን የነበረ መሆኑ ነው፤ ባዶ የነበሩት ሁለት ክፍሎች በዚያን ጊዜ ቢከራዩ ኪራያቸው ከዚህ በታች ስለሚሆን ሒሳቡ ያዋጣናል። የክፍሎቹ ኪራይ ከወለዱ የሚበልጥበት ቤት ያለው ሰው ግን ይህን ማድረግ የለበትም፤ አከራይቶ ቢከፍል ይሻለዋል።

በ400,000 ብሩ የተዘለለው ወለድ ተዘጋ፣ የቀረው ከዋናው ላይ ተቀነሰ፤ ዕዳው ወደ 2,563,000 ብር ወረደ። ደላላው ካመጣው ዋጋ በታች ማለት ነው፤ ምንም እንኳ የነጋዴው ገንዘብ ዞሮ ዞሮ የሚመለስ ቢሆን፣ ከባንኩ ጋር ስንቀመጥ ቦታችን ተለወጠ። ባንኩ ቀሪውን በ13 ዓመት እንድንከፍል ሲያሻሽለው ወርኃዊ ክፍያው ወደ 39,129 ብር ወረደ። ምድር ቤቱንና የቀሩትን ክፍሎች ለመሥሪያ ቤት አከራየንና እኛ እናታችን ግቢ ወዳለው ሰርቪስ ቤት ተመለስን። ለልጆቻችን ይህን ማስረዳት ከባንኩ ጋር ከመነጋገር ይከብድ ነበር፤ ታላቂቱ ክፍሏ ውስጥ የሳለችውን የጣና ታንኳ ግድግዳው ላይ ትታ መውጣት አልፈለገችም።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከውጭ የሚመጡ የግንባታ ዕቃዎች ዋጋ ስለጨመረ ያለቀ ቤት የሚጠይቁ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ይደውላሉ። እኔና ባለቤቴ የባንኩንና የነጋዴውን ገንዘብ ሸፍኖ የሚተርፍ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ በወረቀት ላይ ጽፈን ሁለታችንም ፈርመንበታል፤ ያን ዋጋ የሚሰጥ ሰው ከመጣ ሳንከራከር እንሸጣለን። እስከዚያው በየወሩ መጀመሪያ የባንኩን መግለጫ የምታወጣው እርሷ ናት፤ እራት ከበላን በኋላ ሁለታችንም አብረን እናነበዋለን።